ከከተማው ዳር ሆኖ በካናዳ ምርጫ ድምፅ መስጠት፦ የመሪው ስምና የዕጩው ስም

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሠፈሮች፣ በቦሌ አራብሳ፣ በአያት፣ በቱሉ ዲምቱና በለገጣፎ፣ የሥራ ዘመናቸውን ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ አሳልፈው የተመለሱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። የካናዳ ዜግነት የያዘ ሰው እዚህ የሚኖረው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት በተሰጠው ቢጫ ካርድ ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በኢትዮጵያ ምርጫ እንዳይመርጥም እንዳይመረጥም ይከለክለዋል። ስለዚህ የመምረጥ መብቱን የሚጠቀምበት አገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በፖስታ የሚደረስበት ነው። ከዚህ በታች ስለ ካናዳ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአንድ ወዳጄ ስሕተት ነው። ከእኔ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ የሚኖረው ይህ ሰው፣ የ2025 ምርጫ ካለፈ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሊብራል ፓርቲውን መሪ ስም፣ «ማርክ ካርኒ» ብሎ በጉልህ እንደጻፈ በደስታ አጫወተኝ። የወዳጄ የመጨረሻ የካናዳ አድራሻ ኤድመንተን ነው፤ ካርኒ ግን የተወዳደሩት ኦታዋ ውስጥ በሚገኘው የኔፒየን የምርጫ ክልል ነበር። ድምፁ እንደማይቆጠር ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሰውየው የአገሪቱን ፖለቲካ ከእኔ በላይ የሚከታተል ነው፤ የሳተው አስተያየቱን የት ላይ ማስፈር እንዳለበት ብቻ ነው።

ስለ ብቁነት ብዙ የሚባል የለም። ዕድሜው 18 የሞላ፣ የካናዳ ዜጋ የሆነና በአንድ ወቅት ካናዳ ውስጥ የኖረ ሰው ከውጭ ሆኖ መምረጥ ይችላል። ከአምስት ዓመት በላይ ከአገር የራቀ ሰው አይመርጥም የሚለው ወሬ ዛሬም ድረስ ይሰማል፤ ይህ ገደብ በ2018 መጨረሻ በወጣ ሕግ የተሰረዘ ሲሆን፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጥር 2019 ገደቡ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወስኗል።

ምዝገባው የሚከናወነው ኢሌክሽንስ ካናዳ በሚባለው የምርጫ አስፈጻሚ ተቋም ዘንድ ሲሆን፣ በውጭ የሚኖሩ መራጮች የሚሰፍሩበት የራሱ መዝገብ አለው። ምርጫ እስኪጠራ ሳይጠበቅ አስቀድሞ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል፤ ከማመልከቻው ጋር የፓስፖርት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት ቅጂ ይያያዛል። ጥንቃቄ የሚያሻው የአድራሻው ጥያቄ ነው። ድምፅዎ የሚቆጠርበት የምርጫ ክልል የሚወሰነው ካናዳን ለቀው ከመውጣትዎ በፊት በኖሩበት የመጨረሻ ቤት እንጂ፣ ዛሬ ልጅዎ በሚኖርበት ወይም ፉክክሩ የሚጥምዎ በሆነ ከተማ አይደለም። ቤቱ ባይነቃነቅም የክልሉ ወሰን ሊነቃነቅ ይችላል፤ ከ2025 ምርጫ በፊት ወሰኖቹ እንደገና ተሠርተው የምክር ቤቱ መቀመጫዎች ከ338 ወደ 343 ከፍ ስላሉ፣ የቀድሞ ክልልዎን ስም በቃልዎ ቢያስታውሱም የድሮ ቤትዎን የፖስታ ኮድ በተቋሙ ድረ ገጽ አስገብተው ማጣራት ይገባዎታል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ፈተና ጊዜ ነው። በካናዳ ሕግ የምርጫ ዘመቻ ከ36 ቀን አያንስም፣ ከ50 ቀንም አይበልጥም። የ2025ቱ ምርጫ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጠርቶ ሚያዝያ 20 ቀን ተካሄደ፤ 36 ቀን ብቻ መሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ ጊዜው ዐቢይ ጾምን፣ ሰሙነ ሕማማትንና ፋሲካን አቅፎ፣ የድምፅ መስጫው ዕለት በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ላይ ዋለ። የማመልከቻው ቀነ ገደብ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን አበቃ። አስቀድሞ ያልተመዘገበ ሰው በዚህ ጥድፊያ መካከል ፖስታ ከኦታዋ እስኪመጣለት ጠብቆ፣ ሞልቶ፣ መልሶ ማድረስ አይሆንለትም። የተሞላው ወረቀት በምርጫው ዕለት በኦታዋ ሰዓት ከቀኑ 12 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት በፊት፣ ኦታዋ መድረስ አለበት፤ በዚያ ወቅት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ተላከ ሳይሆን ደረሰ የሚለው ቃል እንደሚታይ ልብ ይሏል።

በእኛ ሠፈር ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ የምዝገባ አድራሻዎ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ሣጥኑ የዘመድ ከሆነ ደግሞ በምርጫ ሰሞን በየሁለት ቀኑ እንዲታይ ማሳሰብ ያሻል። ለመልሱ ሁለት መንገድ አለ፦ በራስ ወጪ በፈጣን መልእክት መላክ፣ ወይም ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ለሚገኘው የካናዳ ኤምባሲ ማስረከብ። ኤምባሲው ፖስታውን ወደ ኦታዋ ይልካል፤ ነገር ግን ለኤምባሲው የሚሰጥበት ቀንና ኦታዋ የሚደርስበት ቀን አንድ አይደሉም፣ በሰዓቱ የመድረሱ ኃላፊነትም የመራጩ ነው። እኔ ከቦሌ አራብሳ ተነሥቼ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ በእጄ ማስረከብን እመርጣለሁ፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅብኝም ልቤ ያርፋል። አንድ ፖስታ ምን ያመጣል ለሚል ሰው የኬቤክን የቴሬቦን ክልል እጠቅሳለሁ፤ በ2025 ዳግም ቆጠራ ከተደረገ በኋላ የሊብራሏ ዕጩ በአንዲት ድምፅ ብቻ እንዳሸነፈች ተገለጸ፤ ቆይቶም ለተቀናቃኙ ፓርቲ ለብሎክ ኬቤኳ የተሰጠ አንድ የፖስታ ድምፅ፣ በመመለሻ ፖስታው ላይ የታተመው የፖስታ ኮድ ስሕተት ስለነበረበት፣ ለመራጯ ተመልሶ እንደነበር ታወቀ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከኦታዋ የሚመጣልዎ የድምፅ መስጫ የዕጩዎች ስም ተዘርዝሮ ምልክት የሚደረግበት ሳይሆን ባዶ ቦታ ያለው ነው፤ በዚያ ላይ በእርስዎ የምርጫ ክልል የሚወዳደረውን ዕጩ ስምና የቤተሰብ ስም በእጅዎ ይጽፋሉ። የፓርቲ ስም ብቻ ቢጽፉ ዋጋ የለውም፤ በክልልዎ የማይወዳደር መሪን ስም ቢጽፉም እንዲሁ። ፊደል መሳሳት ግን፣ ማንን እንደፈለጉ ግልጽ እስከሆነ ድረስ፣ ድምፅዎን አያበላሽም። የዕጩዎች ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው 21 ቀን አስቀድሞ ስለሆነ፣ የጸናውን ዝርዝር ከተቋሙ ድረ ገጽ ሳይመለከቱ ብዕር አያንሡ። ከዚያም ወረቀቱ በውስጠኛው ፖስታ ይታሸጋል፣ ያም በውጭኛው ይገባል፤ በውጭኛው ላይ ፈርመው ቀን ይጽፋሉ። ፊርማው ከተረሳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ስም መጻፍ ለውጭ መራጮች ብቻ የተተወ ዕዳ የሚመስለው ካለ፣ በነሐሴ 2025 በአልበርታው የባትል ሪቨር ክሮውፉት ማሟያ ምርጫ 214 ዕጩዎች ተመዝግበው ወረቀቱ ሊበቃቸው ስላልቻለ፣ እዚያው ቀዬው ያሉት መራጮችም ስም እንዲጽፉ መደረጉን ያስታውስ።

ስለ መሪዎቹ ያለን አስተያየት ታዲያ ምን ይሁን? ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የካናዳ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ እዚህም ሕዝቡ የሚመርጠው የአካባቢውን ዕጩ ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጣው ከምክር ቤቱ ነው፤ በየክልሉም አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የሚያደናግረን ቴሌቪዥኑ ነው፤ ክርክሩም ማስታወቂያውም በመሪዎቹ ፊት ስለሚሞላ ምርጫው የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ይመስላል። በ2025 ግን የኮንሰርቫቲቭ መሪ ፒየር ፖይሊየቭር ፓርቲያቸው 144 መቀመጫ ሲያገኝ ከ2004 ጀምሮ በምክር ቤት የቆዩት እርሳቸው የካርልተን መቀመጫቸውን ተነጠቁ፤ ወደ ምክር ቤት የተመለሱት ከላይ በጠቀስሁት የአልበርታ ማሟያ ምርጫ ነው። የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲው መሪ ጃግሚት ሲንግም በክልላቸው ተሸንፈው መሪነቱን ለቀቁ። በ2021 ደግሞ ኮንሰርቫቲቮች በአገር አቀፍ ድምር 33.7 በመቶ አግኝተው 119 መቀመጫ ሲይዙ፣ ሊብራሎች በ32.6 በመቶ 160 መቀመጫ ወስደዋል። መሪውን ቢወዱም ቢጠሉም፣ ይህ ስሜትዎ ወደ መቀመጫ የሚለወጠው በክልልዎ ዕጩ በኩል ብቻ ነው።

መሪውን ራሱን መምረጥ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ የፓርቲ አባልነት ነው፤ ይህን የሚያውቁ ጥቂቶች ስለሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የሊብራሉ መሪና ጠቅላይ ሚኒስትር ጃስቲን ትሩዶ በጥር 2025 እንደሚለቁ ካስታወቁ በኋላ ካርኒን በቦታቸው የተካው መላው መራጭ አልነበረም፤ በፓርቲው የተመዘገቡ ሰዎች መጋቢት 9 ቀን 85.9 በመቶ ነጥብ ሰጥተዋቸው፣ የምክር ቤት አባል ሳይሆኑ ከአምስት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ነጥብ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሊብራሎች አሠራር እያንዳንዱ የምርጫ ክልል እኩል 100 ነጥብ ስላለው፣ ጥቂት አባላት ባሉት ክልል የተመዘገበ ሰው ድምፅ ብዙ አባላት ባሉት ከተማ ካለው ይልቅ ይመዝናል። መሪን ማውረድም እንዲሁ ከምርጫ ውጭ ይፈጸማል፤ ኮንሰርቫቲቭ የምክር ቤት አባላት በየካቲት 2022 መሪያቸውን ኤሪን ኦቱልን በምስጢር ድምፅ፣ 73 ለ45፣ አውርደዋቸዋል። ስለዚህ ዕጩን ሲመዝኑ «ይህ ሰው መሪው ሲሳሳት ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መሪው ይውረድ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነውና።

በመሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሲለኩ ጩኸቱን ሳይሆን ውሳኔውን እንዲያዩ እመክራለሁ። ፖይሊየቭር ለዓመታት በነዳጅ ላይ የተጣለው የካርቦን ክፍያ ይነሣ ሲሉ ቆዩ፤ ካርኒ ሥልጣን እንደያዙ በሸማቹ ላይ የነበረውን ክፍያ ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዜሮ አደረጉት፤ በዚህ ነጥብ ላይ የሁለቱ ጠብ አስቀድሞ አልቆ ነበር። በኢሚግሬሽንም እንዲሁ፣ የቋሚ ነዋሪዎችን የ2025 ዕቅድ ከ500,000 ወደ 395,000 ዝቅ ያደረገው ራሱ የሊብራሉ የትሩዶ መንግሥት ነው፤ እናቱን ለማስመጣት የሚጠብቅ ሰው ይህን ሳያውቅ «ሊብራል ለስደተኛ ይሻላል» በሚለው የቆየ እምነት ቢመርጥ ነገሩን በግማሽ ዓይኑ አየው ማለት ነው። በእኔ ግምት ዋናው ልዩነት በወጪና በውጭ እርዳታ ላይ ነበር፤ ፖይሊየቭር በ2025 መጀመሪያ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ሊያቋቁሙ ያሰቡትን የጦር ሠፈር ወጪ የውጭ እርዳታን በብርቱ ቀንሰው እንደሚሸፍኑ ተናግረዋል፤ ይህ ቦሌ አራብሳ ላይ ተቀምጦ ለሚያስብ መራጭ ከካርቦን ክፍያው የቀረበ ጉዳይ ነው።

ቀጣዩ ምርጫ በሕጉ መሠረት ለጥቅምት 15 ቀን 2029 ተወስኗል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 2022 ዓ.ም. ይሆናል። በዚህ ቀን ግን አይተማመኑ። ሊብራሎች በ2025 ያገኙት 169 መቀመጫ ለአብላጫ ከሚያስፈልገው 172 በሦስት ያነሰ ነበር፤ መንግሥት የመተማመኛ ድምፅ ካጣ፣ ወይም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጊዜው ሳይደርስ ምርጫ እንዲጠራ ከጠየቁ፣ የ36ቱ ቀን ቆጠራ ያን ዕለት ይጀምራል። ከአንዱ ኮንዶሚኒየም ወደ ሌላው የሚዘዋወር ወይም የፖስታ ሣጥኑን የለወጠ ሰው አዲሱን የመላኪያ አድራሻ ለኢሌክሽንስ ካናዳ አሁኑኑ ያሳውቅ፤ ወዳጄ ባለፈው ሳምንት አሳውቋል፤ የኤድመንተን ክልሉንም ስም በግድግዳ መቁጠሪያው ጥግ ላይ ጽፎታል።