ራስፕቤሪ ፓይ ገዝታችሁ ምን ልስራበት ላላችሁ

ብዙ ሰው ራስፕቤሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ ያለች ትንሽዬ ኮምፒውተር) ይገዛና ሁለት ቀን ይጫወትበታል፣ ከዛ መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። የኔም የመጀመሪያዋ ለወራት አቧራ ስትጠጣ ነው የከረመችው። ለምን ብትሉ "ይሄ ነገር ምን ምን ይችላል" ብዬ ስለጀመርኩ። ብዙ ነገር ይችላላ፣ ለዛ እኮ ነው መምረጥ የሚያቅተው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦርዱን ተዉትና ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚያናድዳችሁን ነገር ጻፉ። ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ በየስልኩ የተበታተነ ፎቶ፣ ውሃ ማጠጣት የምትረሱት አትክልት፣ ምንም ይሁን።

ቀጥሎ እያንዳንዱን "ይሄን ስልኬ ወይ ላፕቶፔ አይሰራውም ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሰራው ሰርዙት። የፓይ ጉልበቱ ሁለት ቦታ ነው፣ ትንሽ መብራት እየበላ 24 ሰዓት ሳይጠፋ መስራቱና ሽቦ የሚሰካባቸው 40 ፒኖች ያሉት መሆኑ። ከሁለቱ አንዱን እንኳን የማይጠቀም ሀሳብ ቶሎ ይሰለቻል፣ እኔ ለምሳሌ እንደ ዋና ኮምፒውተር ልጠቀምበት ብዬ ሳምንት አልቆየሁም።

ከዛ የያዛችሁት ሞዴል ሀሳቡን ይችለው እንደሆነ እዩ። የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ከሆነ ሀሳባችሁ በ2019 ከወጣው ፓይ 4 ጀምሮ ያለው ይሻላል፣ ዩኤስቢ 3 አለው፣ በኬብል የሚገባው ኔትወርክም ሙሉ ጊጋቢት ነው። ዜሮ 2 ደብሊው የምትባለው ትንሿ ሞዴል ደግሞ ሚሞሪው 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ቀለል ያለ ስራ ስጡት።

ሴንሰር ያለበት ነገር ካማራችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ እኔ የተበላሁት እዚህ ነው። የአፈር እርጥበት መለኪያ ገዛሁ፣ ሰካሁ፣ ዝም። ለካ ሴንሰሩ አናሎግ ነው (የሚልከው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው)፣ የፓይ ፒኖች ደግሞ አናሎግ አያነቡም፣ እንደ ኤምሲፒ 3008 አይነት መቀየሪያ ቺፕ መሃል መግባት አለበት። ሌላው ፒኖቹ የለመዱት 3.3 ቮልት ነው፣ 5 ቮልት የሚልክ ሴንሰር በቀጥታ ከሰካችሁ ቦርዱን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ለመጀመሪያ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን የሙቀት መለኪያ እመክራለሁ፣ ዲጂታል ስለሆነ ከአንድ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

ወጪውን ስታስቡ ቦርዱን ብቻ አትቁጠሩ፣ ጥሩ ሚሞሪ ካርድና ትክክለኛ ፓወር አለ። ፓይ 4 በ5 ቮልት 3 አምፔር፣ ፓይ 5 ደግሞ 5 አምፔር ይፈልጋል። ቤት በተገኘ የስልክ ቻርጀር ስትሞክሩት ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ከመጣ ፓወሩ አነሰው ማለት ነው፣ ኮዳችሁን አትጠራጠሩ።

አሁንም መምረጥ ካቃታችሁ በፓይ ሆል ጀምሩ፣ ለቤቱ በሙሉ ማስታወቂያ የሚያግድ ሶፍትዌር ነው፣ ለዜሮም አይከብድም። ጭናችሁት ራውተሩን የዲኤንኤስ ጥያቄ (የድረ ገጽ ስም አድራሻው የት እንደሆነ የሚጠየቅበት) ወደሱ እንዲልክ ታደርጉታላችሁ፣ ከዛ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ የማስታወቂያ ሰርቨር አድራሻ ሲጠይቅ ፓይ ሆል ትክክለኛውን አይሰጠውም፣ ማስታወቂያውም አይመጣም። የዩቲዩብን ግን አያቆምም፣ ከቪዲዮው ጋር ከአንድ ቦታ ስለሚመጣ፣ ያንን ጠብቃችሁ እንዳትናደዱ። ደግሞ ፓይዋ የጠፋች ቀን ኢንተርኔት የሌለ ይመስላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ እናንተ ላይ ይጮሃል፣ ስለዚህ መነካካት ስትፈልጉ ሰው ሲተኛ።

አንዱ ፕሮጀክት በደንብ መስራት ሲጀምር የካርዱን ሙሉ ኮፒ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ፓወር በድንገት ሲነቀል ካርዱ ላይ ያለው ነገር ሊበላሽ ይችላል። አዲስ ሀሳብ ሲመጣላችሁ ደግሞ የሚሰራውን ካርድ አውጡና በሌላ ካርድ ሞክሩ፣ ካልሆነ የድሮውን መልሶ መክተት ነው።