የሕክምና መሣሪያ የሚያጥቡ ሠራተኞች የመከላከያ ልብስ አጠቃቀም በድሬዳዋ ሙቀት

በቀዶ ሕክምናና በማዋለጃ ክፍል ያገለገሉ መቀሶችና ፎርሴፕሶች (መቆንጠጫዎች) አውቶክሌቭ ወደሚባለው በሞቃት እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን ከመግባታቸው በፊት በብዙ ቦታ በእጅ ይታጠባሉ፤ በዚህ ጊዜ የታማሚው ደም ወደ አጣቢው ዓይን፣ አፍ ወይም ቁስል ከደረሰ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ ወይም ኤችአይቪ ሊያስይዝ ይችላል። በድል ጮራም ሆነ በሳቢያን ሆስፒታል፣ በአነስተኛ ክሊኒክም ቢሆን፣ የአለባበሱ ሥርዓት አንድ ነው።

በመጀመሪያ ጣትን የሚሸፍን የጎማ ቦት፣ ቀጥሎ እጅጌው ረጅም የሆነ ጋውን፣ በላዩም ውሃ የማያሳልፍ ኤፕረን ይልበሱ። ማስክና ጎግል (የዓይን መከላከያ መነጽር) ካደረጉ በኋላ ጓንቱን በመጨረሻ፣ የጋውኑን እጅጌ ጫፍ እንዲሸፍን አድርገው ያጥልቁ። ለምርመራ የሚያገለግለው ስስ ጓንት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በመቀስ ጫፍ በቀላሉ ይቀደዳል፣ አንጓን አልፎም አይሸፍንም። የሚያስፈልገው እስከ ክንድ የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት ነው። ከማጥለቅዎ በፊት ውሃ ሞልተው ይፈትሹት፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ያስወግዱት።

በረኪና ውስጥ የተዘፈዘፈ መሣሪያ በባዶ እጅ ቢነካ ችግር የለውም የሚለው እምነት አደገኛ ነው፤ በመሣሪያው ላይ የደረቀ ደም የክሎሪኑን ኃይል ያዳክመዋልና። መሣሪያውን ከውሃው በታች አድርገው በብሩሽ ይፈግፍጉ፤ ከውሃ በላይ የተፈገፈገ መሣሪያ ፊት ላይ ይረጫል። ስለታም መሣሪያዎችን ለብቻቸው ያስቀምጡ፣ ውስጡ ወደማይታይ ሳፋም እጅዎን አይክተቱ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ በመሆኗ፣ ብዙ ሠራተኛ ጎግሉን የሚያወልቀውና ማስኩን ወደ አገጩ የሚያወርደው በቸልተኝነት ሳይሆን በላብና በጉም ተቸግሮ ነው ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው ግን ቬንቲሌተር (የአየር ማራገቢያ) ማስገባት አይደለም፤ ነፋሱ ፍንጣቂውን ወደ ንጹሑ ክፍል ይወስደዋል። ኃላፊዎች አጣቢዎችን በፈረቃ ሊያቀያይሩ፣ ከክፍሉ ውጭ የመጠጥ ውሃና የማረፊያ ጊዜ ሊሰጡ ይገባል። ጎግሉ ጉም የሚይዝ ከሆነ የማስኩን ሽቦ አፍንጫ ላይ አጥብቆ መጫን ይረዳል፤ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ጋሻም የተሻለ አማራጭ ነው።

ሲጨርሱ ጓንቱን እጅዎ ላይ እንዳለ በሳሙና ያጥቡና ያውልቁ፤ ከዚያም ጎግሉን በማሰሪያው፣ ኤፕረኑንና ጋውኑን ከጀርባ ፈተው፣ ማስኩን በመጨረሻ በማንጠልጠያው ይዘው ያውልቁ፤ ወዲያውኑም እጅዎን ይታጠቡ።

ስለት ከወጋዎት ቁስሉን ሳይጨምቁ በሳሙናና በውሃ ያጥቡ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ሳይዘገዩም ለኃላፊዎ ያሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር አለበት። በ6 ወር ውስጥ በ3 ዙር የሚሰጠውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ እያንዳንዱ አጣቢ ሥራውን ሳይጀምር ቢወስድ ይመረጣል።