አንጀት ራሱን ሲመርግ አናደናቅፈው

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። «ወንድሜ፣ ደም አስቀመጠኝ፤ ፍላጅል ስጠኝ» የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። ፍላጅል የአሜባ መድኃኒት ነው።

የትልቁ አንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ነው፤ ይላጣል፣ መልሶ ይመረጋል። ቤታችንን ለበዓል እንመርገዋለን፤ አንጀት ግን በየ3 እስከ 5 ቀኑ ልባሱን ይቀይራል። መራጊዎቹን የሚጠሩት የዕድገት ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ኢጂኤፍ የተባለው ሴሎች ተባዝተው ቁስሉን እንዲሸፍኑ ያዛል። ቲጂኤፍ ቤታ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ እንዳይቆጣ ያበርዳል። እኛ ታዲያ ይህን ሥራ በብዙ መንገድ እናበላሻለን።

የመጀመሪያው ስህተት ደም የታየበትን ሁሉ አሜባ ማለት ነው። አሜባ በአገራችን በእርግጥ አለ። ግን አንድ ደንበኛዬ በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ ፍላጅል ሊገዛ መጣ። ሦስተኛው ላይ አልሸጥኩለትም፤ ሆስፒታል ላክሁት። በካሜራ ሲታይ ትልቁ አንጀቱ ቆስሏል። አልሰሬቲቭ ኮላይትስ ይሉታል፤ የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ ተቆጥቶ ትልቁን አንጀት ሲያቆስል ነው። ይህን ፍላጅል አያድነውም።

ሁለተኛው የሚያበሳጨኝ ነው። ላም ስትወልድ እንገሩን አፍልተን እንሻማለን። እናት ስትወልድ ግን «ቆሻሻ ነው» ብለን እንገሩን እንደፋዋለን፤ ለሕፃኑም ቅቤ እናቀምሰዋለን። ኢጂኤፍ እኮ በብዛት የሚገኘው እዚያው እንገር ውስጥ ነው! የጨቅላውን አንጀት የሚያጎለብተው እሱ ነው።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች እንደ ከረሜላ መዋጥም ሌላው ነው። ኮላይትስ ያለበትን ሰው ሕመም ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ።

«የዕድገት ፋክተር በጠርሙስ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት 24 የአልሰሬቲቭ ኮላይትስ ሕሙማን ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ ኢጂኤፍ በፊንጢጣ በኩል ተሰጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእነሱ ውስጥ ከ12ቱ 10ሩ ሕመማቸው ሲረግብ፣ ካልተሰጣቸው 12 ሰዎች ግን ሕመሙ የረገበለት አንዱ ብቻ ነው። ያስጎመጃል አይደል? ግን 24 ሰው ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም የተለመደ ሕክምና አልሆነም። ደግሞ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ካንሰርም ይወደዋል። ሴቱክሲማብ የተባለው የትልቁ አንጀት ካንሰር መድኃኒት የሚሠራው ኢጂኤፍ የሚያርፍበትን ተቀባይ ዘግቶ ነው። ስለዚህ «አንጀት ያሳድጋል» የሚል ዱቄት ወይም ጠርሙስ የሚሸጥላችሁ ካለ እለፉት።

የመጨረሻው ያው ደንበኛዬ የሠራው ነው። ሆስፒታል ሜሳላሚን የተባለ የአንጀት ቁጣ ማብረጃ ታዞለት ነበር። ደሙ ሲቆም «ድኛለሁ» ብሎ ተወው። ደም ቢቆምም ውስጥ ያለው ቁጣ ላይበርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ የሚቀጥለውም ሕመሙ እንዳይመለስ ነው። ከአራት ወር በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ያንን የድሮውን ፍላጅል ስጠኝ» አለኝ።