በሚና ጨዋታ የአእምሮ ነጥብና ክህሎት እንዴት እንደሚሰራ

በሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ ታሪክ በሚጫወትበት ጨዋታ፣ የጉልበት ነጥብ ማንንም አያጨቃጭቅም፤ ብዙ ያለው ድንጋዩን ያነሳል፣ ያነሰው ይተዋል። ኢንተለጀንስ የሚባለው የአእምሮ ነጥብ ግን ጠረጴዛውን ያነታርካል፤ ምክንያቱም የሚያስበው ተጫዋቹ ነው፣ ነጥቡ ግን የገጸ ባህሪው ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከጓደኞቻችሁ ጋር ልትጀምሩ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስተካክሉ። ከዚህ በታች ያለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም ሕግ ነው።

መጀመሪያ ዳይስ። ባለ ስድስት ፊቱን ከሉዶ ትወስዳላችሁ። ባለ ሃያ ፊቱ ከሌላችሁ 20 ቆርኪ ሰብስቡ፣ ከ1 እስከ 20 ጻፉባቸው፣ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። በመክፈቻ የተጣመመ ቆርኪ በእጅ ስለሚለይ አንድ ዓይነትና ያልተጣመሙትን ምረጡ። የወጣው ቆርኪ ሁልጊዜ ተመልሶ ይገባና ይበጠበጣል፤ ካልተመለሰ የቀሪዎቹ ዕድል ይዛባል። ሦስት የሉዶ ዳይስ ደምሮ በሃያው ፋንታ መጠቀም ግን አይሆንም። በሦስት ዳይስ 10 ከ216 ውስጥ 27 ጊዜ ሲወጣ 18 የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው፤ 19 እና 20 ጭራሽ የሉም። የስልክ አፕም ይሠራል፣ ሁሉም እያየው ከሆነ።

ነጥብ ለማውጣት አራት ባለ ስድስት ዳይስ ጣሉ፣ ትንሹን ተዉትና ሦስቱን ደምሩ። 6፣ 4፣ 3፣ 2 ከወጣ 13 ነው። ስድስት ጊዜ ደጋግማችሁ እንደ ጉልበት፣ አእምሮና ማስተዋል ላሉት ስድስት ብቃቶች እንደፈለጋችሁ ደልድሉ። አዲስ ለሆነ ቡድን ግን ዝግጁውን ድልድል፣ ማለትም 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8ን መውሰድ ይሻላል፤ አንዱ በዕድል ገኖ ሌላው ከመጀመሪያው ቀን እንዳይከፋው።

በፍተሻ፣ ማለትም ገጸ ባህሪው አንድ ነገር ይሳካለት እንደሆነ ለማወቅ ባለ ሃያውን ስትጥሉ፣ በወጣው ላይ የምትደምሩትን ቁጥር ለማግኘት ከነጥቡ ላይ 10 ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ ወደ ታች አጠጋጉ። 10 እና 11 ዜሮ፣ 14 እና 15 +2፣ 16 እና 17 +3 ይሆናሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 9 ላይ ነው፤ ግማሹን ወደ ዜሮ ያጠጋጋዋል፣ ትክክሉ ግን −1 ነው።

በአእምሮ ሥር የሚወድቁት ክህሎቶች አምስት ናቸው፦ አስማት፣ ታሪክ፣ ምርመራ፣ ተፈጥሮና ሃይማኖት። ገጸ ባህሪው በሠለጠነበት ክህሎት ላይ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ +2፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ +3 ይጨመርለታል። ስለዚህ በ1ኛ ደረጃ አእምሮው 14 የሆነ በታሪክ የሠለጠነ ደረሳ፣ አእምሮው 18 ከሆነ ካልሠለጠነ ነጋዴ ጋር እኩል +4 አለው። ትምህርት ዋጋ ማግኘቱ ከዚህ ሕግ ጥሩ ጎኖች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ ዳይስ መቼ ይጣላል? ሰኞ ነው፣ ባቲ ገበያ። ከአፋር በግመል ከመጣ የአሞሌ ጨው ጭነት መሀል አንዱ አሞሌ ውስጡ ተቦርቡሮ በአጀሚ (በዐረብኛ ፊደል በሚጻፍ የአገር ቋንቋ) የተጻፈ ደብዳቤ ተደብቆበታል። የአንዱ አሞሌ ጠርዝ ቀለሙ እንደተለየ ማየት የአእምሮ ሥራ አይደለም፤ ማስተዋል በሚባለው ሌላ ነጥብ ሥር ያለ የንቃት ክህሎት ነው። ቀለሙ የተለየው በጨው ዱቄት ተደፍኖ ስለሆነ ነው ብሎ መድረስ ግን ምርመራ ነው፤ አእምሮ ይጠይቃል። ማየት ለማስተዋል፣ ምክንያቱን ማግኘት ለአእምሮ። ሁለቱን ያልለየ የጨዋታ መሪ፣ ማለትም ታሪኩን የሚተርከውና የሚዳኘው ሰው፣ አእምሮን ጥቅም የለሽ ያደርገዋል፤ ሁሉም ሰው ነጥቡን ወደ ማስተዋል ያዞራል።

ደብዳቤውን ማንበብስ? አጀሚ የተማረ ደረሳ ያለ ዳይስ ያነበዋል። የዐረብኛ ፊደል የማያውቀው ሲራራ ነጋዴ 20 ቢያወጣም አያነበውም፤ በክህሎት ፍተሻ ላይ 20 በራሱ ስኬት አይደለም። ዳይስ የሚጣለው ሊሆንም ላይሆንም በሚችል ነገር ላይ፣ ሲከሽፍም የሚለወጥ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ለመሳካት ድምሩ ሊደርስበት የሚገባው የክብደት ቁጥር ለቀላል 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ነው፤ የሚለካውም በገጸ ባህሪው እንጂ በተጫዋቹ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የጠሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መሆናቸውን ደሴ ያደገ ተጫዋች በትምህርት ቤት ሰምቶታል። ገጸ ባህሪው ግን በቅርቡ ከባሕር ማዶ የገባ ከሆነ 15 ማምጣት አለበት፤ የዚያው ዘመን የወሎ ሰው ከሆነ ምንም አይጥልም። በ15 ላይ +5 ያለው 10 እና ከዚያ በላይ ካወጣ ይበቃዋል፣ ዕድሉ 55 በመቶ ነው። −1 ያለው 16 ይፈልጋል፣ 25 በመቶ።

አምስቱም ተጫዋች «እኔም ልሞክር» ሲል አትፍቀዱ። እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ቢኖራቸው ቢያንስ አንዱ የሚያገኝበት ዕድል 76 በመቶ ይደርሳል፤ ያኔ የሠለጠነው ሰው ትርጉም ያጣል። አንዱ ይጣል፣ ሌላው ያግዝ፤ የታገዘው ሁለት ጊዜ አውጥቶ ትልቁን ይወስዳል።

ታሪኩ ያለ ደብዳቤው የማይቀጥል ከሆነ ደብዳቤውን በዳይስ አትቆልፉት። ምርመራው ቢከሽፍም ይገኝ፤ ግን አሞሌው ባለቤቱ ፊት ይሰበር፣ ካሳ ይጠየቅ፣ የሚከታተሉት ሰውዬ ከገበያው ይውጣ። ዳይሱ የሚወስነው መረጃው ምን እንዳስከፈለ ነው።

አእምሮው 8 የሆነን ገጸ ባህሪ እንደ ጅል ማጫወትም ስህተት ነው፤ በፍተሻ ላይ ከተራው ሰው በአንድ ብቻ ነው የሚያንሰው። በተቃራኒው 18 ያለው ገጸ ባህሪ ተጫዋቹ መላ ሲያጣ መሪው አንድ የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄ ይፍቀድለት። ይህ በመጽሐፉ የሌለ ጭማሪ ነው፣ ግን በጣም ይረዳል።

ኮል ኦፍ ክቱሉ ወደሚባለው ሌላ የሚና ጨዋታ ከተሻገራችሁ ስሌቱ ይገለበጣል። እዚያ አእምሮ የሚወጣው ሁለት ባለ ስድስት ዳይስ ደምሮ፣ 6 ጨምሮ፣ በ5 በማባዛት ነው፤ ፍተሻውም ከ100 ሆኖ ከነጥቡ እኩል ወይም በታች ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው አሥር ቆርኪዎች ይበቃሉ፦ መጀመሪያ የአሥር ቤቱን፣ መልሳችሁ ከበጠበጣችሁ በኋላ የአንድ ቤቱን አውጡ፤ ሁለቱም 0 ከሆኑ 100 ነው።