«ፍቺ እንደ ጣሊያን»ን በኮሚናል ለማሳየት

ፒየትሮ ጄርሚ በ1961 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዲቮርዚዮ አላ ኢታሊያና» («ፍቺ እንደ ጣሊያን») ወንድነቴን ላስከብር ሲል መሳቂያ የሚሆን የሲሲሊ ባላባት ኮሜዲ ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል (የነዋሪዎች የጋራ ቤት) ውስጥ ሲታይ፣ ከፕሮጀክተሩ ይልቅ የሚያበላሸው ትርጉሙ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ባላባቱ ፌፌ (ማርቼሎ ማስትሮያኒ) ራሱ ነው። ድምፁ የተከበረ ሰው ድምፅ ነው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ፀጉሩን በመረብ ሸፍኖ የሚተኛ፣ የከንፈሩን ጥግ እያጣመመ «ጭ» የሚል ሰው ነው። ሳቁ ያለው በሁለቱ መሃል ነው። እንደ ቪዲዮ ቤት አንድ ተርጓሚ በላዩ ላይ ከቀለደበት ድምፁ ይሞታል፣ ፌዙም አብሮት። ስለዚህ ከምስሉ ግርጌ የሚነበብ የትርጉም ጽሑፍ ይሻላል።

ትርጉሙን በኤስአርቲ (.srt) ፋይል፣ ማለትም እያንዳንዱ መስመር ከሚታይበት ሰዓት ጋር በተጻፈበት ፋይል ያዘጋጁ፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ፋይሉን ሲያስቀምጡ የፊደል ኮዱን (ኢንኮዲንግ) ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) ያድርጉ፤ አለዚያ ፊደሉ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። በቪኤልሲ (VLC) የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት (ለምሳሌ ኒያላ) ይምረጡ። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ከዘገየ ወይም ከቀደመ በ«ጂ» (G) እና በ«ኤች» (H) ቁልፎች ይስተካከላል። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ቁልፍ አያድነውም፤ የፍሬም ፍጥነቱ (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) አልገጠመም ማለት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ጽሑፍ በ23.976 በሚሄድ ቅጂ ላይ ሲጫን፣ መጨረሻው ላይ አራት ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይገኛል።

ከመጀመሩ በፊት ሁለት ደቂቃ ስለ ሕጉ ይናገሩ። ያኔ ጣሊያን ውስጥ ፍቺ አይፈቀድም ነበር፤ የተፈቀደው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በሌላ በኩል የጣሊያን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 587፣ ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ከሌላ ወንድ ጋር ደርሶባት በንዴት የገደለን ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ይቀጣ ነበር። ይህ አንቀጽ እስከ 1981 እ.ኤ.አ. አልተሻረም። ፌፌ ለገዛ ሚስቱ ውሽማ የሚያፈላልገው ለዚህ ነው፦ ገድሏት በቀላል ቅጣት ሊገላገል፤ ይህን ያልሰማ ተመልካች ግማሹን ፊልም «ምን ነካው?» እያለ ይጨርሰዋል። የእኛ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ደግሞ የሴት ጠለፋን የሚቀጣው ነው። መገጣጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ ከፊልሙ በኋላ ለሚነሳው ክርክር ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ሚስቱ በሳሙና መቀቀያ ውስጥ ስትገባ ወይም በሮኬት ስትላክ ምኞቱ እንደሆነ ቀድመው አይንገሩ፤ ሰዉ ራሱ ይደርስበታል።

ለስክሪን አቡጀዲ ሁለት ድርብ አድርገው ይወጥሩ፤ አንድ ድርብ ብርሃን ያሳልፋል። ስፌቱ መሃል ላይ እንዳይውል። የተለመደው ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት ላለው ምስል 3 ሜትር ያህል ይርቃል። የምስሉ ታችኛው ጠርዝ ከወለል ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍ ይበል፤ የዕድር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ጽሑፉን እንዳይጋርድ። የፊልሙ የመጨረሻ ቀልድ ያለ አንድ ቃል በእግር ስለሚነገርም ታችኛው ክፍል ከተጋረደ ያመልጣል። ማብሪያው አጠገብ ያለው ሰው «አለቀ» ብሎ መብራት ቀድሞ እንዳያበራ ይንገሩት።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ አይሞክሩት። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በጋለበት መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ስለሚቆም አምፖሉ ሊቃጠል ይችላል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አስገብተው በወጉ ያጥፉት፣ ከዚያ ጀነሬተር ያስነሱ። ጀነሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ፣ በ20 ሜትር ገመድ ይሁን።