የአባላት ጨረታችን ላይ ምን ሲገጥም ምን ይደረግ (ለቴምብር፣ ለሳንቲምና ለብር ኖት ሰብሳቢዎች)

የቴሌግራም ጨረታችን ላይ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌላውን አባል ነው፣ ግን ተረጋግተን ወደ ላይ ወጥተን መልእክቶቹን ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ ያጭበረበረ የለም፣ ሎቱ (ለጨረታ የቀረበው እቃ) ሲለጠፍ መፃፍ የነበረበት ነገር ሳይፃፍ ቀርቶ ነው። ስለዚህ ይሄን በምልክት በምልክት አስቀምጬዋለሁ፣ የገጠማችሁን ነገር ፈልጉ፣ ምክንያቱንና መፍትሄውን እዛው ስር ታገኙታላችሁ። አዲስ አባል የሆናችሁ ግን እባካችሁ ቢድ ከማድረጋችሁ (ዋጋ ከመስጠታችሁ) በፊት ሁሉንም አንብቡት።

"በሰዓቱ ቢድ አድርጌ ዘገየህ ተባልኩ"

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ነው። ምክንያቱ ሻጩ "እሁድ 3 ሰዓት ይዘጋል" ብሎ ብቻ መለጠፉ ነው። የጠዋት ነው የማታ? በኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? አዲስ አበባ ያለው ማታ 3 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፣ ቨርጂኒያ ያለው ደግሞ በራሱ ሰዓት ከቀኑ 3 ብሎ ይጠብቃል። ከዛ ሁለቱም ስክሪንሻት ይዘው ይመጣሉ፣ ቴሌግራም ደግሞ ሰዓቱን የሚያሳየው በየሰዉ ስልክ አቆጣጠር ስለሆነ ያው አንድ መልእክት እዚህ 9:04 እዛ 2:04 ይላል፣ ሁለቱም ስክሪንሻት ትክክል ነው ጭቅጭቁ ግን አያልቅም።

መፍትሄው ሻጩ "እሁድ ማታ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ" ብሎ ሙሉውን መፃፍ ነው፣ እንደዛ ካልተፃፈ አድሚን ሎቱን ይመልሰዋል። ውጭ ላላችሁ፣ የኛ ማታ 3 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ዱባይ ማታ 10 ነው፣ ሪያድ ልክ እንደኛ 9 ነው። ለንደን ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ምሽት 7፣ ሌላ ጊዜ 6። ቴላቪቭ በዛው ወቅት 9፣ ሌላ ጊዜ 8። ዋሽንግተን ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያው እሁድ ከሰዓት 2፣ ሌላ ጊዜ 1። "በጋ" "ክረምት" እያላችሁ አትፃፉ፣ የኛ ክረምት የነሱ በጋ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል፣ ወሩን ፃፉት በቃ።

ጨረታው የሚዘጋው ደግሞ ማንም ስልኩ ላይ ባየው ሰዓት ሳይሆን አድሚኑ "ተዘግቷል" ብሎ በሚልከው መልእክት ነው። ከሱ በላይ ያለ ቢድ ይቆጠራል፣ ከሱ በታች ያለ አይቆጠርም። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ቢድ ከገባ 5 ደቂቃ ይጨመራል፣ እንደገና ከገባ እንደገና ይጨመራል፣ ዝም እስኪባል ድረስ፣ ስለዚህ መጨረሻ ሰከንድ ላይ አድፍጦ ጠብቆ መዝለል እኛ ጋ አይሰራም።

ኔትወርክ ከተቋረጠባችሁ መልእክታችሁ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት እዩ፣ ትንሿ የሰዓት ምስል ካለች መልእክቱ ገና ከስልካችሁ አልወጣም፣ አንድ ራይት ስትመጣ ነው የሄደው። ኔትወርኩ የማይታመን ሰፈር ያላችሁ ሰዎች ከፍተኛ ዋጋችሁን ቀድማችሁ ለአድሚን ብትሰጡ ይሻላል።

"ማንም ሳይጨምርብኝ ዋጋው ጨመረ"

ማለትም አንድ ሰው ከፍተኛ ዋጋውን ለአድሚን ሰጥቷል ማለት ነው፣ አድሚኑም በሱ ፈንታ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። አንዱ እስከ 4,000 ብር ብሎ ቢሰጥ፣ ሌላው ደግሞ እስከ 2,500 ቢሄድና ጭማሪው በ100 ቢሆን፣ የመጀመሪያው የሚያሸንፈው በ2,600 ነው እንጂ በ4,000 አይደለም። ሁለት ሰው እኩል ከፍተኛ ዋጋ ከሰጠ ቀድሞ የሰጠው ያሸንፋል። እዚህ ላይ ግን አንድ የማያወላውል ህግ አለን፣ የሰው ከፍተኛ ዋጋ የያዘ አድሚን በዛ ሎት ላይ ራሱ አይጫረትም፣ ዘመዱም አይጫረትም። እምነቱ የቆመው በዚህ ነው፣ ይሄ ከላላ ማንም ሰው ዋጋውን ቀድሞ አይሰጥም።

ጭማሪው እስከ 1,000 ብር በ50፣ ከዛ እስከ 5,000 በ100፣ ከዛ በላይ በ250 ነው። "20 ብር ጨምሬያለሁ" የሚል አይቆጠርም።

"ቢዱ ተቀየረ" ወይም "ቢዱ ጠፋ"

ኤዲት የተደረገ ቢድ ለመልካምም ሆነ ለክፉ ውድቅ ነው፣ ዋጋ መጨመር የፈለገ አዲስ መልእክት ይፃፍ። ኤዲት መደረጉ መልእክቱ ላይ ይታያል፣ ዲሊት የተደረገውን ደግሞ አድሚኖች በግሩፑ የቅርብ ድርጊቶች መዝገብ ውስጥ ያገኙታል፣ ግን እዛ የሚቆየው 48 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቅሬታ ያለው ሰው ሳምንት ቆይቶ ቢመጣ ማንም ሊረዳው አይችልም፣ በዛው ቀን ተናገሩ። ዜሮ ተጨምሮባችሁ 800 ለማለት 8,000 ከፃፋችሁ ቀጣዩ ሰው ቢድ ሳያደርግ "ስህተት ነው" ብላችሁ ሪፕላይ አድርጉ፣ ይነሳላችኋል። ቢዳችሁ ለሌላ ሎት ከተቆጠረ ደግሞ የሎቱ ፎቶ ላይ ሪፕላይ ሳታደርጉ ባዶ ቁጥር ስለፃፋችሁ ነው።

"የደረሰኝ እቃ የተፃፈው አይነት አይደለም"

እዚህ ጋ ትንሽ ልዘርዝር፣ ገንዘብም ወዳጅነትም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፎቶ። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚልከው፣ ስለዚህ የቴምብሩ ጥርስ (ጠርዙ ላይ ያለው) መጉደሉ፣ ከጀርባው ያለው የማጣበቂያ ምልክት፣ ሳንቲሙ ላይ ያለው ጭረት አይታይም። ሻጭ ፎቶውን እንደ ፋይል ይላክ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። የጀርባ ፎቶ የሌለው ቴምብር አንቀበልም።

ቴምብር ላይ ዋናው ችግር ከታተመ በኋላ በላዩ የተመታ ፅሁፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙት 7 አይነት ናቸው፣ ከሩብ እስከ 16 ግርሽ (የዛን ጊዜ ገንዘብ)፣ ትንንሾቹ አራቱ የንጉሱ ምስል ያላቸው ከፍ ያሉት ሶስቱ አንበሳ ያላቸው። ምንም ያልተመታባቸው እንደልብ ይገኛሉ፣ ዋጋቸውም ያን ያህል አይደለም። በኋላ ግን፣ በፈረንጅ ከ1901 ጀምሮ፣ በእጅ ማህተም መጀመሪያ "ኢትዮፒ" በላቲን ፊደል ከዛም "ቦስታ" በኛ ፊደል የተመታባቸው አሉ፣ እነሱ ናቸው ተፈላጊዎቹ። ርካሹን ቴምብር ገዝቶ ማህተም አስቀርፆ መምታት ቀላል ስለሆነ ፎርጅዱ እጅግ ብዙ ነው፣ ከመቶ አመት በፊት ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ሲሰራ የኖረ ነው። ስለዚህ "ከአያቴ የወረስኩት ነው" ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፣ አያትየውም ፎርጅዱን ገዝተው ሊሆን ይችላል፣ ሻጩም በቅን ልቦና ነው የሚሸጠው። ህጋችን ይሄ ነው፣ የተመታበት ቴምብር ሲለጠፍ የባለሙያ ሰርተፍኬት አለው ወይስ የለውም የሚለው ይፃፋል፣ ከሌለው ገዢው እቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ "ማስመርመር እፈልጋለሁ" ካለ ውጤቱ እስኪመጣ የመመለስ መብቱ ይራዘምለታል። "እንዳለ ነው የምሸጠው፣ አይመለስም" ተብሎ ከተፃፈ ግን ቀረ፣ አውቃችሁ ግቡበት።

ሳንቲም ላይ "ኦሪጅናል 1780 የማርያ ቴሬዛ ብር" የሚል ሎት ስታዩ ተጠንቀቁ። ጠገራው (የማርያ ቴሬዛው ብር) ላይ ያለው አመት ምንጊዜም 1780 ነው፣ እሷ የሞተችበት አመት ስለሆነ ከዛ በኋላ ቪየናም ሮማም ለንደንም ቦምቤይም በተለያየ ጊዜ ሲመታ ያው አመት ነው የተያዘው። ስለዚህ አብዛኛው አገራችን ውስጥ ያለው ጠገራ በኋላ የተመታ ነው፣ ይሄ ማለት ግን ፎርጅድ ማለት አይደለም፣ ትክክለኛ ብር ነው። ገዢ "አታለለኝ" ሻጭ "ብሩ እውነተኛ ነው" እያሉ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። "ኦሪጅናል" የሚለውን ቃል ከሎት መግለጫ አውጥተነዋል፣ በሱ ፈንታ ክብደቱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱና የጠርዙ ፎቶ ይለጠፍ። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ጠርዙ ዙሪያውን የላቲን ፅሁፍ አለው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ወይም ክብደቱ በግራም የሚጎድል ከሆነ ያኔ ፎርጅድ ነው፣ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ክርክር የለውም።

ሌላው የአንገት ጌጥ የነበረ ጠገራ ነው። እናቶቻችን አንገት ላይ የነበረ ብር አናቱ ላይ የተበየደ ጆሮ ይኖረዋል፣ ጆሮው ተነቅሎ በሞረድ ሲስተካከል እንኳን እዛው ጋ የብየዳው እድፍና የሳሳ ጠርዝ ይቀራል፣ ከፊት ለፊት ፎቶ ላይ አይታይም፣ ሳንቲሙን ጎኑን አዙራችሁ ብርሃን ላይ ስትይዙት ነው የሚታየው። በራሱ ነውር የለውም፣ ታሪክ ያለው እቃ ነው፣ ግን "ጆሮ ነበረው" ተብሎ ይፃፍ። የተወለወለ ሳንቲምም እንደዛው። እባካችሁ ሳንቲም በሎሚም በአመድም በጥርስ ሳሙናም አትወልውሉ፣ የምታበሩት መስሏችሁ ቆዳውን ነው የምትልጡት፣ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፣ መልሶ የሚድንበት መንገድም የለም።

የምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ፲፰፻፹፱ የሚለውን አንብቦ "የ1889 ሳንቲም" ብሎ የሚለጥፍ አለ፣ ውጭ ያለው ገዢ በፈረንጅ አስቦ ካታሎግ ላይ ፈልጎ ያጣዋል፣ ከዛ የተጭበረበረ ይመስለዋል። በኛ 1889 በነሱ 1897 አካባቢ ነው፣ ሁልጊዜ "ዓ.ም" ወይም "እ.ኤ.አ" ይጨመርበት።

ኖት ላይ ቶሎ ልለፍ። "አዲስ ነው" የተባለ ኖት የታጠፈ ሆኖ ከተገኘ በካውያ ተተኩሶ ነው፣ ብርሃን ከጎን ስታበሩበት የእጥፋቱ መስመር ይወጣል። በፕላስተር የተጠገነም ይፃፍ። በ2013 የተቀየሩት የድሮዎቹ 10፣ 50 እና 100 ብሮች መገበያያ ስላልሆኑ ዋጋቸው ሰብሳቢ የሚሰጣቸው ብቻ ነው፣ "ባንክ ይቀይረዋል" ብሎ የሚሸጥ አባል ሎቱ ይነሳል።

"አሸንፈሃል ክፈል የሚል መልእክት በውስጥ መጣልኝ"

አትክፈሉ። የአድሚኑን ፎቶና ስም ገልብጦ ዩዘርኔሙ ላይ አንድ ፊደል ቀይሮ የሚፅፍ አለ፣ ጨረታው እንደተዘጋ ወዲያው ነው የሚልከው ምክንያቱም ያኔ አሸናፊው ደስ ብሎት ነው ያለው አያጣራም። የኛ አድሚኖች በውስጥ ቀድመው ስለ ክፍያ አይፅፉም። የሂሳብ ቁጥር ያለው ግሩፑ ላይ ፒን የተደረገው መልእክት ላይ ብቻ ነው። በቴሌብርም በባንክም ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፣ ካልገጠመ አቁሙ።

ከሻጭ በኩል ደግሞ፣ ስክሪንሻት ክፍያ አይደለም። የክፍያ ስክሪንሻት መስራት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው። እቃ ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩንም አመሳክሩ። ይሄን ማድረግ ሰውን አለማመን አይደለም፣ ሐቀኛ ገዢ ቅር አይለውም። ክፍያ በ3 ቀን ውስጥ ካልተፈፀመ ሎቱ ሁለተኛ ለወጣው በራሱ ዋጋ ይቀርብለታል፣ እሱም ካልፈለገ ለሻጩ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ አሸንፎ ያልከፈለ አባል ቀጣዩ ጨረታ ላይ አይገባም።

"አንድ ሰው ሁልጊዜ ይጨምራል ግን አያሸንፍም"

ይሄኛው እንኳን እውነተኛ ማጭበርበር ሊሆን ይችላል፣ ሻጩ በወንድሙ ወይም በጓደኛው ስም ዋጋ እያስወጣ ነው። ምልክቱ ያ ሰው የሚጫረተው የአንድ ሻጭ እቃ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ግሩፕ ላይ አትካሰሱ፣ ለኮሚቴ በውስጥ አሳውቁ፣ ያለፉት ጨረታዎች ይታያሉ፣ ከተረጋገጠ ሎቱ ይሰረዛል ሁለቱም ከአባልነት ይወጣሉ። እቃው በርካሽ እንዳይሄድበት የሚፈራ ሻጭ ንፁህ መንገድ አለው እኮ፣ ዝቅተኛ ዋጋውን ለአድሚን ይናገር፣ ሎቱ ላይ "ዝቅተኛ ዋጋ አለው" ተብሎ ይፃፋል።

"ሎቴ ለምን ተነሳ?"

የአክሱም ሳንቲም፣ የብራና መፅሐፍ፣ የቤተክርስቲያን መስቀልና ፅላት ነክ ነገር ከሆነ ይነሳል፣ ማንም ይለጥፈው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው፣ ግማሾቻችን ደግሞ ውጭ ነው ያለነው። ከህጉ በላይ ግን፣ የኢዛና መስቀል ያለባት ያቺ ትንሽዬ ሳንቲም ከየት ቦታ ከምን ጋር እንደወጣች ካልታወቀ ግማሽ ታሪኳ ጠፋ ማለት ነው፣ እኛ ታሪክ እንወዳለን ብለን የተሰባሰብን ሰዎች ለዛ ገበያ መክፈት የለብንም። እርሻ ላይ ያገኘ ዘመድ ካላችሁ ለቅርስ ባለስልጣን ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽ/ቤት እንዲያሳውቅ ንገሩት።

"በፖስታ ተልኮ አልደረሰም፣ ወይ ተበላሽቶ ደረሰ"

አገር ውስጥ ፖስታ በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ስለሆነ የመንደር አድራሻ ብቻ ከሰጣችሁ ሊመለስ ይችላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ሁሉ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ፖስታ) ወይም በኢኤምኤስ (በፈጣን ፖስታ) ይላክ፣ ቁጥሩ ለገዢው ይሰጥ። ሻጩ ደረሰኝ ካለው ከዛ በኋላ የሚጠፋው በገዢው ነው፣ ደረሰኝ ከሌለው በሻጩ።

ቴምብር ላይ ፕላስተር እንዳይነካ፣ በሁለት ካርቶን መሀል ይግባ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እርጥበቱ ሙጫውን ያላላዋል፣ ቴምብሩም ካለበት ወረቀት ጋር ይጣበቃል፣ በእነዚህ ወራት ሙጫ ያለው ያልተሰራበት ቴምብር በጥቁር የቴምብር ካርድ ውስጥ ሆኖ በፕላስቲክ ይታሸግ፣ ካልሆነ መስከረም እስኪጠባ ሻጩ ጋ ይቆይ። ገዢዎች ደግሞ ፖስታውን ስትከፍቱ ከማህተሙ ጀምሮ ሳታቋርጡ በስልክ ቅረፁት፣ ቅሬታ ሲመጣ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቪዲዮውን ነው።