ከጎንደር ላሊበላ ስንት ሰዓት ነው? መንገደኛን የሚያሳስቱ ስሌቶች

ካርታ ላይ ጎንደርና ላሊበላ ጎረቤት ናቸው። አዘዞ ካለው ከአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላው ማረፊያ በቀጥታ ሲለካ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ታዲያ በመኪና ሦስት ሰዓት አይበቃም?» የሚለኝ ሰው አላጣም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ አሞራ የሚበርበትን መኪናም የሚሄድበት ይመስለናል። መኪናው ግን ከጎንደር ተነስቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወረታ ይወርዳል። እዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርን፣ የጉናን ብርድና ንፋስ መውጫን አልፎ ጋሸና ይደርሳል። ከጋሸና እንደገና ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ሲደመር 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የቀጥታው እጥፍ ማለት ነው። ዳገቱና ጠመዝማዛው ሲታከልበት ቀኑን ሙሉ የሚበላ ጉዞ ነው። መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን ደግሞ ካርታ አይናገርም፤ መናኸሪያ ወርዶ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መጨረስ። በአገር ውስጥ በረራ የለመድናት ባለ ፕሮፔለሯ ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። 180ን ለዚህ ሲያካፍሉት 17 ደቂቃ ይመጣል፤ ደስ ይላል! ግን ከፍታ እስክትይዝ፣ ከዚያም ፍጥነቷን ቀንሳ ከማኮብኮቢያው ትይዩ እስክትሆን ያለው ጊዜ አልተቆጠረም። በቀጥታ ብትበር እንኳ ግማሽ ሰዓት ብሎ መያዝ ይሻላል።

«ብትበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ከተሞች ማረፊያ ስላላቸው ብቻ በመካከላቸው ቀጥታ በረራ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትኬት በአዲስ አበባ የሚያዞር ነው፦ ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 330፣ በድምሩ 750 ኪሎ ሜትር። ለ180ው ከአራት እጥፍ በላይ መብረር ነው፤ በመሃል ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ሳይቆጠር። ትኬት ከመቁረጥ በፊት «ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብም ቀንም ያድናል።

ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች ለ180ው ኪሎ ሜትር 97 ቢሏችሁም አትደንግጡ። በአየርና በባሕር ጉዞ የሚለካበት ኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። በተራው ማይል ካሰላችሁት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይጎድልባችኋል።

ማረፊያው ከተማው አለመሆኑም ይረሳል። የላሊበላው ሜዳ ላይ፣ ሽምሽሃ ነው ያለው፤ ከተማው ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት በመኪና ይቀራል።

ከሁሉም የባሰው የሰዓቱ ነገር ነው። ትኬቱ ላይ 09:20 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። አንድ ጊዜ አክስቴን አዲስ አበባ ቆሜ ጠበቅኳት። ተሳፋሪው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሷ የለችም። ብደውል ጎንደር ቤቷ ቡና እየቆላች ነው፤ ጭሱ በስልኩ የሚሸተኝ መሰለኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። «አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አይደል? ገና እኮ አምስት ሰዓት ነው!»